ፊት ለፊቱ ለባለሀብቱ፣ ጓሮውስ ለማን?

የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው። አዋጆቹ፣ ዓመቶቹና ቦታዎቹ ግን እውነተኛ ናቸው። አንደኛው በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጓሮ ዕድሜውን የጨረሰ ወርቅ አንጣሪ ነው። ሁለተኛዋ እዚያው አራዳ ተወልዳ ያደገች የኢንቨስትመንት አማካሪ ናት። እሱ ሰፈሩ ሲነሳ ሥራውን ወደ አንዲት የኪራይ ክፍል አዙሯል። እሷ ደግሞ ገና ላልተነሱት የአራዳ መንደሮች የሚሆን ሐሳብ አለኝ ብላ መጥታለች።

አንጣሪው፦ ግቢ ልጄ። ቡናው እስኪደርስ ያንን በስልክ የጀመርሽልኝን ነገር ጨርሺው። ብቻ ደግሞ የሚያስነሳን እንዳይሆን።

አማካሪዋ፦ አይዞዎት ጋሼ፣ የሚያስነሳ አይደለም። አሜሪካኖች በ2010 ዓ.ም. አንድ ሕግ አወጡ። ኑሮ የከበደባቸውን መንደሮች በካርታ ለዩና ባለገንዘቡን «እዚህ ካፈሰስክ ግብር እናቀልልሃለን» አሉት። የተመረጡት መንደሮች 8,764 ናቸው። አክሲዮን ወይም ቤት ሸጦ ያተረፈ ሰው ትርፉን እዚያ ካዋለው ግብሩ ይቆይለታል። አሥር ዓመት ከታገሠ ደግሞ አዲሱ ሀብት ካፈራው ትርፍ ላይ አይጠየቅም። በሰኔ 2017 ሕጉን ቋሚ አደረጉት፤ የመንደሮቹንም መምረጫ አጠበቁት።

አንጣሪው፦ እና አራዳን ከድኻ ሰፈር ልትቆጥሪብኝ ነው? የአገሩ የመጀመሪያ ባንክ በሩን የከፈተው እዚህ ነው። የጣይቱ ሆቴል እዚህ፣ ሀገር ፍቅር እዚህ፣ ሲኒማው፣ ኬክ ቤቱ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ ሁሉ እዚህ።

አማካሪዋ፦ መሬቱማ ሀብታም ነው። ከተማው ውስጥ ዋጋው ሰማይ ከነካ መሬት አንዱ ነው። ከወርቅ ቤቶቹ መስታወት ኋላ ሃያ እርምጃ ሲገቡ የሚያገኙት ሰው ነው ድኻው። የጭቃ ቤት፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ ቧንቧ። እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

አንጣሪው፦ አውቀዋለሁ እንጂ። የኔ እናት የቤት ኪራይ የምትከፍለው ለቀበሌ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች። የኛ ከመቶ ብር በታች ነበረ። ኪራዩ እንዳለ ኖረ፤ ቤቱም እንዳለ አረጀ። አንድ ቆርቆሮ ለመለወጥ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ እስኪመጣ ክረምቱ ይደርሳል፤ እኛም ላስቲክ አልብሰን እናልፈዋለን። ደግሞ ምን ብለሽ ነው ያንቺ ባልሆነ ጣሪያ ላይ ገንዘብሽን የምታፈሺው? ቤቱ የመንግሥት፣ መሬቱ የመንግሥት፣ ፍሳሹ ብቻ የኛ።

አማካሪዋ፦ የኛ የግብር ማበረታቻ ሕግ ይህን አያይም። በደንብ ቁጥር 270/2005 ለጋምቤላ፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ለሶማሌ፣ አዋሽ ዳርና ዳሩን ትቶ ለአፋር፣ ለቦረና፣ ለጉጂ፣ ለደቡብ ኦሞና ለመሰሎቻቸው፣ የግብር እፎይታው ካለቀ በኋላ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የገቢ ግብር 30 በመቶ ይቀነስ ነበር። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ግን ከሌላው አገር ያጠረ እፎይታ ነበር የሚያገኙት። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሕጉም እንዲሁ ነበር፤ ፓርክ የሚያለማ ሰው አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ከሆነ አሥር ዓመት፣ ሌላ ቦታ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ከግብር ነፃ ይሆን ነበር። 270 በ2014 በ517 ተተክቷል። ሐሳቡ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያው ነው፤ ድኽነት ሩቅ ነው ያለው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ናት።

አንጣሪው፦ ጋምቤላ ላይ ግብሩ ስለቀለለ ምን መጣ?

አማካሪዋ፦ መጥቶ ነበር። ካሩቱሪ የሚባል የህንድ ኩባንያ መጀመሪያ 300,000 ሄክታር ተባለለት፣ ኋላ ወደ 100,000 ወረደ። በ2008 ውሉ ተሰረዘ። ከአገር ውስጥም ትራክተሩን ከቀረጥ ነፃ አስገብቶ፣ የልማት ባንክ ብድር ወስዶ፣ እርሻው ላይ ሳይታይ የቀረ ብዙ ነበር፤ መንግሥት ራሱ አስጠንቶ ያወጣው ነገር ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጎርፉ አለ፣ የአገሬው ሰው በነገሩ ውስጥ የለበትም። ሐዋሳንም ያስታውሱ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ዋና ደንበኛው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ነበር። በኅዳር 2014 የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት አድርጎ ወጣ። ከወር ተኩል ያህል በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች። ግብር ያልተጠየቀ ሰው መሄድ ሲፈልግ ይሄዳል።

አንጣሪው፦ እንግዲያው ለምን ታመጭልኛለሽ? እኔን የማረኝ ግብር የለም። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ ሁለት ልጆች ሰሌዳ ይዘው ገቡ። አንዱ የተሰቀለውን ሐብል ቆጠረ። «ጌታዬ፣ ይኼ የደንበኛ ነው፣ ተበጥሶ ሊበየድ የመጣ ነው» አልኩት። ጻፈው። ያን ዓመት ስንቱ ሱቅ ዘግቶ እንደዋለ አንቺም ታስታውሻለሽ። እኔ በግምት ስከፍል፣ ከማዶ ፎቅ የሚሠራው ሰው ሊፍቱንም ሶፋውንም ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። አንዱን ጎረቤት እየማሩ ሌላውን መገመት ምን ዓይነት ማበረታቻ ነው?

አማካሪዋ፦ እውነትዎን ነው። የገቢ ግብር እፎይታ የሚጠቅመው ትርፍ ያለውን፣ መዝገብ የሚይዘውን፣ ሒሳብ ሠራተኛ የቀጠረውን ነው። አሜሪካም የሆነው ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘቡ የተከማቸው በጥቂት መንደሮች ነው፤ አብዛኞቹ ምንም አላዩም። የሄደውም ወደ ሱቅና ወደ ፋብሪካ ሳይሆን በብዛት ወደ ሕንፃ ነው። ለባለገንዘቡ ግብር መቀነስ ቀላል ነው፤ ሰፈሩ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ግን ሥራ ይፈልጋል።

አንጣሪው፦ ይህ ልማድ ከአያቶቻችን የመጣ ነው። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለኢልግ የባቡሩን ነገር ለ99 ዓመት ሰጡት ይባላል።

አማካሪዋ፦ በ1886 ነው፣ አልተሳሳቱም። የአቢሲኒያ ባንክም እዚሁ ሲከፈት የ50 ዓመት ብቸኛ መብት ይዞ ነበር፤ ሌላ ባንክ እንዳይከፈት፣ ገንዘብ የሚያትመውም እሱ እንዲሆን። መሬትም በነፃ ነው ያገኘው። የተከፈተው በ1898 ነው፤ በ1923 ኃይለ ሥላሴ ካሳ ከፍለው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት። ከ50ው ዓመት ግማሹን ብቻ ነው የኖረው። ይህን የማነሳው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ ያኔም ንጉሡና ባለገንዘቡ ተዋዋሉ እንጂ የአራዳ ነጋዴ አልተጠየቀም። ጣሊያን ገበያውን ከጊዮርጊስ ሥር አንስቶ ወደ መርካቶ ሲወስደውም እንዲሁ። በ2016ም እንዲሁ።

አንጣሪው፦ ስለ 2016 እኔ ልንገርሽ። የዓድዋ መታሰቢያ የካቲት ላይ ተመረቀ፤ ደስ ብሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኮሪደር ልማት ተባለና ምልክት ተቀባ። ሁሉ ነገር በቀናትና በሳምንታት አለቀ። ዛሬ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ሕፃናት ማታ ይሮጡበታል። አልክድም። ብዙ ሰው ገላን ጉራና አራብሳ ደህና ቤት አግኝቷል፤ ሽንት ቤቱ የራሱ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እኛ አንጣሪዎቹ የምንኖረው በጓሮ ነበር። አየሽ፣ ወርቅ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ መስታወት አለው፣ ሚዛን አለው፣ ዘመናይ ሻጭ አለው። ሥራው ከኋላ ነው። ሙሽራው ቀለበት ሲጠበው ሻጩ በጓሮ በኩል ያስገባልኛል፤ ደንበኛው ማኪያቶ ጠጥቶ ሳይጨርስ አስፍቼ እመልሳለሁ። እኔ ዘንድ እሳት አለ፣ አሲድ አለ፣ ጉጠትና ሞረድ አለ። ሞረድ ሲያልፍ የሚረግፈውን ብናኝ አንጥልም፤ ወለሉን ጠርገን፣ አቃጥለን፣ መልሰን እናነጥረዋለን። ስንነሳ ስንቶቻችን የክፍላችንን አፈር በጆንያ ሞልተን እንደወጣን ብታዪ! አፍራሾቹ ሳቁብን። እኛ ደግሞ በውስጡ ያለውን እናውቃለን።

አማካሪዋ፦ አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ቢሰጥዎትስ?

አንጣሪው፦ ለባለወርቅ ቤቱ ይሆናል። ለኔ እሳትና አሲድ ይዤ ስድስተኛ ፎቅ ማን ያስገባኛል? አራብሳ ቁጭ ብዬስ ማን ቀለበት ያመጣልኛል? ፊቱ ከኋላው ጋር ካልሆነ ሁለቱም አይኖሩም። እንጀራ ጋግራ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ታቀርብ የነበረችውም ጎረቤቴ ያው ነው የሆነችው። ምጣዷ አለ፤ ምግብ ቤቶቹ ግን ከእሷ ሁለት ታክሲ ርቀዋል።

አማካሪዋ፦ እኔም ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ገና ያልተነሱ መንደሮች አሉ። ባለሀብት መምጣቱ አይቀርም፤ ቦታው ይጠራዋል። ጥያቄው ሲመጣ የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል ወይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አንቀጽ 7ን ሰምተው ያውቃሉ?

አንጣሪው፦ ካሳ የሚሉትን አዋጅ? ካሳውን እንጂ አንቀጹን ማን ነግሮኝ!

አማካሪዋ፦ ሁሉም ካሳውን ነው የሚያነበው። አንቀጽ 7 ግን መልሶ በሚለማ አካባቢ ያለ ባለይዞታ እንደ ከተማው ፕላን ይዞታውን በግል ወይም ተደራጅቶ በጋራ የማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። በተሰጠው ጊዜ ማመልከትና አቅም እንዳለው ማሳየት አለበት። ጊዜው ካለፈ መብቱ ያልፋል። ስለዚህ ተደራጅቶ፣ ሰነዱን ይዞ የሚጠብቅ ሰፈር ያስፈልጋል። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ማኅበር ማቋቋም ዝናብ ሲጥል ጣሪያ እንደመፈለግ ነው።

አንጣሪው፦ አቅም ከየት ይመጣል? ያንን ፎቅ እኔና ጎረቤቶቼ በእቁብ አንሠራውም።

አማካሪዋ፦ መርካቶን ይዩ። ሚሊተሪ ተራና ድር ተራ ነጋዴዎቹ በአክሲዮን ተደራጅተው ነው በቆሙበት ቦታ ፎቅ የሠሩት። ሱቁ ትናንት የማን እንደነበር ታወቀ፣ ባለሱቁ ባለድርሻ ሆነ። በንግድ ሕጉ፣ በ1243/2013፣ አክሲዮን ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው ይበቃል፤ ካፒታሉም ከ50,000 ብር ይጀምራል።

አንጣሪው፦ አክሲዮን አትበይኝ። አክሲዮን ብሎ ስንቱን አስለቅሷል! አንድ ጎረቤቴ ለልጁ ሰርግ ያስቀመጠውን ለአንድ የቤት ኩባንያ ሰጥቶ እስከ ዛሬ ጉድጓድ ነው የሚያይ።

አማካሪዋ፦ ልክ ነው፣ ይፈሩ። ያ ግን ሰው ለማያውቀው ኩባንያ ስለማያውቀው መሬት የከፈለው ነው። እኔ የምለው ይዞታው የታወቀ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቅበት ማኅበር ነው። አሁን ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ፤ ለሕዝብ አክሲዮን ልሽጥ የሚል ማኅበር መግለጫውን አስመርምሮ፣ ፈቃድ አግኝቶ ነው የሚሸጠው። ገንዘቡንም ከዋሽንግተን ማምጣት ይቻላል። የአራዳ ልጅ የሌለበት የታክሲ ማቆሚያ እዚያ አለ እንዴ? ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ፓስፖርት ቢይዝም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልስተናገድ ካለ ከውጭ ባለሀብት የሚጠየቀው 200,000 ዶላር አይጠየቅም። እስከ ዛሬ ለእናቱ ኪራይና መድኃኒት ነው የላከው። ለሰፈሩ ይላክ የተባለበት ወረቀት መቼ ደረሰው?

አንጣሪው፦ ይሁን። ባለይዞታውስ እሺ። የኔ እናት ባለይዞታ አልነበረችም። የቀበሌ ተከራይ ናት። በዚህ አሮጌ ከተማ አብዛኛው የቀበሌ ነው። አንቀጽሽ እሷን አያውቃትም።

አማካሪዋ፦ አያውቃትም። ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። ተከራዩ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል እንጂ የማልማት መብት የለውም። አዋጁ ሌላ ቦታ ላይ፣ ለኢንቨስትመንት የተነሳ ሰው ከፈለገ ከኢንቨስትመንቱ ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል ይላል። ይቻላል እንጂ አለበት አይልም። ይህን «ይቻላል» የሚያስገድድ ነገር ነው የምንፈልገው፤ እዚህ ላይ ነው የግብር ማበረታቻው ሥራ የሚያገኘው።

አንጣሪው፦ እንዴት አድርጎ?

አማካሪዋ፦ እስከ ዛሬ ማበረታቻው የሚሰጠው ለቦታና ለዘርፍ ነው፦ አፋር ከሄድክ፣ ጨርቃ ጨርቅ ከሠራህ። እኔ ለውል ይሰጥ ነው የምለው። አራዳ ውስጥ የሚገነባ ሰው ከምድር ቤቱና ከጓሮው የተወሰነውን ለነባሩ ሥራ በተቆረጠ ኪራይ፣ በረጅም ውል ካስያዘ፣ ተነሺውንም ባለድርሻ ካደረገ፣ ቀረጡም ግብሩም ይቅለልለት። ካላደረገ እንደማንኛውም ነጋዴ ይክፈል፤ ፒያሳ ላይ ፎቅ የሚሠራ ሰው ያለ ማበረታቻም ይሠራል። ለእንዲህ ያለው ሰው ያለ ውል ግብር መማር ከገንዘብ ሚኒስቴር ካዝና አውጥቶ መስጠት ነው። ውሉን ከጣሰ ደግሞ የተማረው ይመለስ፤ በየዓመቱ የሚመረምረውም ወረዳው ብቻ ሳይሆን የተነሺዎቹ ማኅበር ይሁን።

አንጣሪው፦ የሚያቃጥል ክፍል፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ከወርቅ ቤቱ ጀርባ ይሁን ብዬ አስጽፋለሁ?

አማካሪዋ፦ ያስጽፋሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ያውቃሉና። እንዲህ ቀድማ የተዘጋጀች ኢሪ የምትባል ከተማ አለች፣ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ።

አንጣሪው፦ እሪ? እኛም እሪ በከንቱ አለን።

አማካሪዋ፦ የነሱ እሪታ ግን በከንቱ አልቀረም። ሌላው ከተማ የባለሀብት ስልክ ሲጠብቅ እነሱ ቀድመው ሰነድ አዘጋጁ፦ የትኛው ሕንፃ ባዶ ነው፣ የትኛው ነጋዴ ምን ይጎድለዋል፣ ምን ቢሠራ ያዋጣል። እዚያው የሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የመጀመሪያውን ገንዘብ አወጣ፤ የውጭው ገንዘብ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ወራት ፈጅቷል። ግን ባለሀብቱ ሲመጣ የሰፈሩን ሰው ወረቀት ይዞ ተቀምጦ አገኘው።

አንጣሪው፦ የኛ ሰው ወረቀት ይፈራል። ፊርማ ሲባል የሚነሳበት ቀን የቀረበ ይመስለዋል። በ1967 ወረቀት መጣ፤ በ2009 ወረቀት መጣ፤ በ2016 ወረቀት መጣ። አንዱም ሊሰጠን አልመጣም።

አማካሪዋ፦ ለዚህ ነው እርስዎን የፈለግኩት። እኔን ማን ያምነኛል? እርስዎ የደገሱበትን፣ የቀበሩበትን ሰፈር ሰው ዕድርዎ ያውቀዋል። መዝገቡ አለ። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ባለይዞታ፣ ማን ተከራይ እንደሆነ ከወረዳው በፊት የሚያውቀው ዕድሩ ነው። ማኅበሩ ከዚያ ቢጀመር ሰው አይሸሽም።

አንጣሪው፦ ዕድሩ ለመቅበር ነው የተቋቋመው።

አማካሪዋ፦ መዝገቡ ግን ለመቁጠርም ይሆናል። መጀመሪያ የምንሄደው ወረዳ ነው፤ የትኛው ብሎክ በፕላኑ ውስጥ መልሶ የሚለማ ተብሎ እንደተያዘ ጠይቀን በጽሑፍ እንቀበላለን። ሁለተኛ፣ ባለይዞታውን ከነካርታው፣ ተከራዩን ከነኪራይ ደረሰኙ፣ ጓሮ ሠራተኛውን ከነሥራው እንመዘግባለን። ሦስተኛ፣ ማኅበሩን አቋቁመን አንቀጽ 7ን ጠቅሰን እናመለክታለን። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ስለወጣለት የዛሬውን ጽሑፍ ይዘን ነው የምንሄደው፤ የድሮውን ይዞ ሄዶ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። የግብሩን ጥያቄ ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለከተማው አስተዳደር የምንጽፈው በእጃችን ማኅበርና መዝገብ ሲኖር ነው። ከዚያ በፊት ግን ልመና ነው።

አንጣሪው፦ እምቢ ቢሉስ?

አማካሪዋ፦ እምቢታውን በጽሑፍ ይስጡን። የእምቢታ ደብዳቤ ይዞ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ በቃል የተነገረ እምቢታ ግን የትም አያደርስም።

አንጣሪው፦ ቡናው ቀዘቀዘብሽ። ጠጪና ዕድር ሰብሳቢው ጋ አብረን እንሂድ። አንቺ አንቀጹን ትናገሪያለሽ፣ እኔ ጓሮውን እናገራለሁ።

አማካሪዋ፦ እንሂድ። ይህን የሚያነብ የጉለሌም፣ የልደታም፣ የአዲስ ከተማም ሰው ካለ፣ በሩ ላይ ቀለም ሳይቀባበት የብሎኩን ፕላን በጽሑፍ ይጠይቅ።